የአሸዋ ሜዳ ቤቶች

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ወንድሜ ለጋሼ ሐሚድ ይመር
መልካ ሠፈር፣ ሸዋ ሮቢት

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ፣ ጋሼ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከዚህ አገር ብርድ በስተቀር ደኅና ነን። መልሱን በማዘግየቴ አይቀየሙኝ። የላኩልንን ማንጎ ሹፌሩ ካሚል ሐሙስ ዕለት አድርሶልናል። ሽንኩርቱን አራግፎ ሲመለስ ደብዳቤ ልሰጠው ብዬ ነበር፤ ወረቀት ሳላገኝ አይሱዙው አመለጠኝ። በስልክ እንዳልነግርዎ ጆሮዎ ከስልክ ጋር ተጣልቷል። እዚህ መጠለያ ውስጥም አንድ ሰው ስልክ ሲያወራ ሠላሳው ያዳምጣል።

የጠየቁኝን ልመልስልዎ። አዎ፣ ስሜ ተጠርቷል! ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አስተባባሪው ዝርዝሩን ይዞ መጣ። ከአራት መቶ በላይ ቤተሰብ ነን፤ ቤት የሚሠራለት መቶ ሰማንያው ብቻ ነው ተባለ። "ፈትያ ይመር፣ ባሏ የሞተባት፣ ከአማቷና ከአንዲት ልጇ ጋር" ሲል እማ ሙሀባ ከኋላዬ እልል አለች። ካራቆሬ ላይ ቤታችን ከተቃጠለና ልጇ ሱሌይማን ከሞተ ወዲህ፣ ይኸው ሦስት ዓመት፣ የአማቴ ድምፅ ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። "በሸራ ውስጥ አልሞትም ማለት ነው?" አለችኝ።

ትልቁን ደስታ ለመጨረሻ አቆይቼው ነው። ቤቶቹ የሚሠሩት የት መሰለዎ? አሸዋ ሜዳ! ከአንቱ ማሳ በታች። እናታችን ከሞተች ጀምሮ እኔ ካራቆሬ አክስታችን ዘንድ፣ አንቱ እዚያ፤ በአንድ መንደር ሳንኖር ሃምሳ ዓመት ሊሞላን ነው እኮ። ጠዋት ተነስቼ "ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?" ስልዎ ይታየኛል።

ልጄ ሩዋይዳም ወደ ዓረብ አገር እንሂድ ከሚሉት ጓደኞቿ ጋር መማከሩን ትታለች። ትናንት ካርቶን ላይ የቤቱን ክፍሎች ስትስል አገኘኋት። የስፌት መኪናዋን የምታስቀምጠው መስኮቱ ሥር ነው። መኪናውም ገና የለም፣ መስኮቱም የለም፤ እሷ ግን ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባ ሁሉ ወስናለች።

ደስ እንዳለዎ ይጻፉልኝ።

እህትዎ ፈትያ


መልካ ሠፈር፣ ኅዳር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፈትያ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ። ሁለቱም ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለመጀመሪያው ሳልመልስ ሁለተኛው መጣ። ታምሜ አይደለም። የሽንኩርት መትከያ ጊዜ ስለሆነ በውሃ ተራ የሚጣላው በዝቶብኝ ነው። ሠላሳ ዓመት የዚህ መንደር የውሃ አባት ሆኜ መስኖውን ሳካፍል እንደ ዘንድሮ የተጨቃጨቁበት ጊዜ አላየሁም።

"ለምን ደስ አላለዎም?" ትይኛለሽ። ስምሽ መጠራቱ ደስ ብሎኛል። የትም ቢሆን ጣራ አግኝተሽ ባይ ከእኔ የበለጠ ደስ የሚለው የለም። የትም ቢሆን ያልኩትን ልብ በይልኝ።

ሜዳውን ለክተው ችካል ተክለውበታል። እያንዳንዱ ችካል ቀይ ተቀብቶ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ቀን ቀን ፍየሎች ይታከኩበታል። ስለ ሜዳው ዛሬ የምነግርሽ አሸዋ መሆኑን ብቻ ነው። አሸዋ ከሰማይ አይወርድም። ያመጣው ነገር አለ።

ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አንድ ወረቀት አስገብቻለሁ። ስለ ወረቀቱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ፤ አሁን ካሚል ጡሩንባውን እየነፋ ነው። ለእማ ሙሀባ የማሽላ እሸት ልኬአለሁ። ሩዋይዳን ቤቱን መሳሉን ትንሽ አቆዪው በያት።

ወንድምሽ ሐሚድ


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ካሚልን እንዳይቆጡት፤ አስጨንቄው ነው የነገረኝ። ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ ያሉኝ ወረቀት፣ ቤቶቹ አሸዋ ሜዳ ላይ እንዳይሠሩ የሚል የተቃውሞ ወረቀት ነው። አርባ አንድ ሰው ፈርሞበታል። ሐሳቡን ያመጡት አንቱ ነዎት።

ይህን ለእማ ሙሀባ አልነገርኳትም። እሸቱን ጠብሼላት፣ "ወንድምሽን አላህ ያቆይልኝ፣ ጎረቤቴ ሊሆን ነው" እያለች ስትበላ ነበር። ምን ብዬ ልንገራት?

ጎርፍ ይመጣል ብለዋል አሉ። ልጅ ሆኜ ለዒድ ስመጣ ስለዚያ ሜዳ ጠይቄዎ ያሉኝን አልረሳሁትም፤ "ፍየል የሚውልበት አሸዋ ነው፣ ሌላ ታሪክ የለውም" ነው ያሉኝ። ካሚል በዕድሜው እዚያ ጎርፍ አላየም። አባቱም አላየሁም ብለውታል። ጽሕፈት ቤቱም ሃምሳ ዓመት ሙሉ ውሃ ያልደረሰበት ቦታ ነው ብሏል። ታዲያ አንቱ ብቻዎን ያዩት ምንድን ነው?

እዚህ ክረምቱን ውሃው ከምንተኛበት ሥር ሲፈስ ከረመ። አሁን ደግሞ ውርጭ ነው፤ ጠዋት ሸራው ነጭ ሆኖ ያድራል፣ ስንነካው ይንኮሻኮሻል። ባለፈው ሳምንት ከጎናችን ያለች አራስ የሃያ ቀን ልጇ ሞተባት። በሽታ አልነበረበትም፤ ብርድ ነው። አንቱ ወደፊት ስለሚመጣ ውሃ ይጽፋሉ። እኛ ያለንበትስ?

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። እዚያ መምጣታችን የሚከብድዎ ከሆነ፣ ሸክም ይሆኑብኛል ብለው ፈርተው ከሆነ፣ በግልጽ ይንገሩኝ። አልቀየምም። አለማወቄ ነው የሚብሰኝ።

ፈትያ


መልካ ሠፈር፣ ጥር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ፈትያ እህቴ፣

መንገዱ ተዘግቶ ካሚል ለአሥር ቀን ሳይወጣ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ክፍት ቢሆንም አልጽፍልሽም ነበር። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ሸክም ትሆኑብኛላችሁ ብዬ አይደለም። ከሸክም የከበደ ነገር ነው የጠየቅሽኝ።

እናታችን ጦይባ የሞተችው በወባ አይደለም።

ያን ጊዜ ቤታችን አሸዋ ሜዳ ላይ ነበር። ስድስት ጎጆ ነበርን። ዘመኑ ስልሳ ዘጠኝ፣ ወሩ ነሐሴ። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ፣ አንቺ ሦስት። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይ ወጥታለች፣ እዚህ ቆላው ላይ አንድ ጠብታ አልወረደም። በላይ በደጋው በኩል ብቻ ሰማዩ ጠቁሯል። እናታችን ማሽላ ታሰጣ ነበር። ድንገት ቀና ብላ፣ "የወንዙ ድምፅ ተለውጦብኛል፣ እስቲ ሂድና እይልኝ" አለችኝ። አንቺን አዝላ፣ እህሉን ወደ ስልቻ እየመለሰች ጠበቀችኝ።

ሄጄ አየሁ። ውሃው ትንሽ ደፍርሷል እንጂ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ተመልሼ፣ "ምንም የለም፣ አይመጣም" አልኳት። እሷም አመነችኝ። አንቺን ከጀርባዋ አወረደችሽ። ማሽላውንም መልሳ አሰጣችው።

ፍየሎቹን ላመጣ ወደ አቀበቱ ልወጣ ስል ካልወሰድከኝ ብለሽ አለቀስሽ። በትከሻዬ ተሸከምኩሽ። ላይ ወጥቼ ዞር ስል ሜዳው ቡናማ ነው። ጎጆ የለም። ጩኸት እንኳ አልሰማሁም። ፀሐይዋ እንደ ወጣች ናት። አንቺ ጆሮዬን ይዘሽ ትስቂ ነበር፤ ውሃውን እየጠቆምሽ።

አሥራ አንድ ሰው ሞተ። እናታችንን በሦስተኛው ቀን ከታች ከግራር ሥር አገኘናት።

አክስታችንን "ወባ ገደላት በያት" ብዬ አስማልኳት። ያኔ ልጅ ስለሆንሽ ነበር። ካደግሽ በኋላ የደበቅሁሽ ግን፣ "አይመጣም ያላት ማን ነው?" ብለሽ እንዳትጠይቂኝ ነው።

ያን ቀን ያዩት ሰዎች ሁሉ ሞተው አልቀው እኔ ብቻ ቀረሁ። የዛሬው ነዋሪ ከዚያ ወዲህ የሰፈረ ነው። ወንዙ መንገዱን ቀይሯል ይሉኛል። ቀይሮ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ዳግመኛ "አይመጣም" አልልም፤ ለማንም አልልም፣ ለአንቺማ እንዴት ብዬ።

ሐሚድ


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ደብዳቤዎን ያነበብኩት የውሃ ወረፋ ላይ ነው። ጀሪካኔን ለሩዋይዳ ሰጥቼ ማንም ወደሌለበት ሄድኩ። ያለቀስኩት መልኳን ለማላስታውሰው እናቴ ነው፤ ለአንቱም ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ልጅነት አይደለም ወይ? ፈርተውት የነበረውን ጥያቄ አልጠይቅዎትም። እርስዎ ባይሸከሙኝ ዛሬ ይህን የሚጽፍ እጅ የለም።

ለምን ለመሐንዲሶቹ ስለ እናታችን አይነግሯቸውም? ሰው ሞቶበታል ብለው ስሟን ይጻፉላቸው። ከመንገዱ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ቢሠሩትስ? ወይም ግንብ ቢሠራለት? እኔ አላውቅም፣ አንቱ ውሃ ያውቃሉ። ብቻ "አይሠራ" ብለው አያቁሙ፤ "እዚህ ይሠራ" ይበሉልን።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ዓርብ ነው። አሁን እሑድ ነው።

ትናንት አስተባባሪው ሰብስቦን የመንደሩን ተቃውሞ አነበበልን። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ጎርፍ ነው። ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁ ሰማሁት፤ የአንቱን አነጋገር አወቅሁት። ከዚያ ሁለተኛውን ገጽ ገለጠ። "እነዚህ ተፈናቃዮች ከመጡ ስርቆት ይበዛል። አመጣጣቸውንና ጠባያቸውን አናውቅም። የግጦሽ መሬታችንን ያጠፋሉ፣ ለልጆቻችን መጥፎ ምሳሌ ይሆናሉ፣ ሰላማችንን ያደፈርሳሉ።" ቀጥሎ የፈራሚዎቹን ስም አነበበ። "አንደኛ፣ ሐሚድ ይመር።"

ሩዋይዳ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ተነስታ ልብሷን አራግፋ ወጣች።

ጋሼ፣ ሁለተኛውን ገጽ ሳያዩት ነው የፈረሙት። በኋላ ያያያዙት ሌሎች ናቸው። እንደዚያ ብለው ሁለት መስመር ይጻፉልኝ፤ አምናለሁ። እባክዎን።

ፈትያ


መልካ ሠፈር፣ መጋቢት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ፈትያ፣

ረመዳን ነው፤ በጾም አፌ አልዋሽሽም። አይቼው ነው የፈረምኩት።

የመጀመሪያውን ገጽ ብቻዬን ጽፌ ሁለት ሳምንት ቤት ለቤት ዞርኩ። እኔን ጨምሮ አራት ሰው ፈረመ። ሌላው "ጋሽ ሐሚድ አረጁ" ብሎ ሳቀብኝ። ጎረቤቴን ተክሌን ታውቂዋለሽ፤ በአባታችን ለቅሶ ድንኳን የተከለልን እሱ ነው። ከብቶቹ ሜዳው ላይ ነው የሚውሉት። አንድ ቀን ቦዩ ዳር አገኘኝና፣ "ጋሽ ሐሚድ፣ ውሃ የሚፈራ ሰው የለም። ሰው የሚፈራው ሰውን ነው። እስቲ እኔ ልሞክረው" አለኝ። ሁለተኛውን ገጽ ጻፈና ጆሮዬ ላይ ጮክ ብሎ አነበበልኝ።

"ይህ ትክክል አይደለም፣ ተክሌ" አልኩት።

"እሺ፣ ይቅር። አራት ፊርማዎን ይዘው ይሂዱ" አለኝ።

እስክሪብቶውን ከእጁ ወስጄ ፈረምኩ። በዚያው ቀን ሠላሳ ሰባት ሰው ፈረመ።

መቶ ሰማንያ ቤት በውሃ ከሚሄድ ግማሽ ገጽ ክፉ ቃል ይሻላል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አንቺ ፊት ይነበባል ብዬ አላሰብኩም ነበር ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። አስቤ ነበር። እንዳያነቡት ተመኝቼ ዝም አልኩ።

ከቤት ሠሪው ድርጅት አንዲት መሐንዲስ መጥታ ነበር፤ ትዕግሥት ትባላለች። ሜዳው መካከል ጉድጓድ አስቆፈረች። በመጀመሪያ አሸዋ፣ ቀጥሎ ጠጠር፣ ከሰው ቁመት ወረድ ሲል የገል ስባሪና የከሰለ እንጨት ወጣ። ስባሪውን አንስታ፣ "እዚህ ሰው ይኖር ነበር እንዴ?" ብላ ጮኸችልኝ። ስለ እናታችን ነገርኳት፤ ስሟን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። "ታዲያ ቤቶቹን የት ትሠሩታላችሁ?" ስላት፣ "እሱን የምወስነው እኔ አይደለሁም" አለችኝ። በላይ ያለውን ተዳፋት እጇን ይዤ አሳየኋት። አይታ ማስታወሻዋን ከደነች።

ይቅርታ ብዬ ብጽፍ ወረቀቱ አይችለውም። ከእንግዲህ የማትጽፊልኝ ከሆነ ይገባኛል። ማንጎውን ግን አትመልሺው።

ሐሚድ


ደብረ ብርሃን፣ ሰኔ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ሐሚድ፣

ሦስቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። ያልመለስኩት የምለው ስለጠፋኝ ነው። ለዒድ የላኩት ማር ደርሷል፣ እናመሰግናለን።

ወሬውን ሰምተውታል። በግንቦት መጨረሻ ቦታው ለመኖሪያ አይሆንም ተብሎ ተሰረዘ። ሌላ ቦታ ይፈለጋል አሉን። ተዳፋቱን ያነሳው የለም። በሰኔ መግቢያ ደግሞ የዓመቱ ዕቅድ ስላለፈ ወደፊት ይታያል ተባለ። ዝርዝሩ ተጠቅልሎ ገባ።

ውሃ ወረፋ ላይ ሴቶቹ አያናግሩኝም። የማን እህት እንደሆንኩ አውቀዋል። አንዷ ጀሪካኔን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ "አንቺ ወንድም አለሽ፣ ሂጂ እሱ ጋ ቅጂ" አለችኝ። አልፈርድባትም። ስድስት ልጅ አላት።

ስለ ሩዋይዳ ጠይቀውኛል። ደኅና ናት። ሥራ አግኝታ ወጣ ብላለች።

ማንጎ አይላኩ። እማ ሙሀባ እህል ላይ ደክማለች፣ ይበላሻል።

ፈትያ


መልካ ሠፈር፣ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፈትያ፣

ክረምቱ ወጣ። ጎርፉ አልመጣም።

ከሐምሌ ጀምሮ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ በየቀኑ ወንዙ ዳር እየሄድኩ ተቀመጥኩ። ደጋው ሲጠቁር ልቤ ይመታል። ውሃው ይደፈርሳል፣ ከፍ ይላል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ከሜዳው ጫፍ እንኳ አልደረሰም። ዝናቡ ልክ ነው፣ ማሽላው እንደ ዘንድሮ አምሮ አያውቅም፣ ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል። እኔ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እንዲመጣ ተመኘሁ። ባዶውን ሜዳ አይቼ፣ "አሁን ና፣ ማንም የለበትም፣ ናና እውነቴን መሆኑን አሳይልኝ" አልኩ። እናቱን የበላውን ውሃ የሚለምን ሰው ሆንኩ። የሚመጣው ዓመት ሊመጣ ይችላል። ከሃምሳ ዓመት በኋላም ሊሆን ይችላል። አላውቅም።

አሁን የደበቅሁሽን ልንገርሽ። ሥራ አግኝታ ወጣ ብላለች ብለሽ ስትጽፊልኝ፣ እኔ ደብዳቤሽን የያዝኩት ሩዋይዳ ባደረችበት መደብ ላይ ተቀምጬ ነው።

ሰኔ 12 ቀን ከባጃጅ ወረደች። አንድ ጥቁር ፌስታል ነው የያዘችው። "እናትሽ ታውቃለች?" አልኳት። "ታውቃለች፣ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት" አለችኝ። ማመኑ ስለቀለለኝ አመንኩ። ወተት ሰጠኋት፣ ጠጣች። ስለ ወረቀቱ አላነሳችም። ከዚያ፣ "አጎቴ፣ ቤታችን የት ጋ ነበር የሚሠራው?" አለችኝ።

ይዣት ወረድኩ። ችካሎቹ ገና አልተነቀሉም። የእናንተ ቁጥር መቶ አሥራ ሁለት እንደሆነ ታውቀዋለች። አገኘችው። አራቱን ማዕዘን በእግሯ ለካች፤ በአንዱ በኩል ቆም ብላ እጇን በአየር ላይ ዘረጋች፣ መስኮት እንደምትከፍት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ጮክ ብላ፣ "ውሃው እስከየት ድረስ ነው የሚመጣው?" አለች። አንገቴን አሳየኋት።

"ታዲያ ለምን እንደዚያ ብለው ብቻ አልጻፉም?" አለችኝ።

ተመልሰን ወጣን።

በማግስቱ ጠዋት ካራቆሬ ዘመድ እጠይቃለሁ ብላ ባጃጅ ያዘች። እጄን ሳመች፣ ዱዓ አደረግሁላት። አስፋልቱ ድረስ ሸኘኋት። ወደ ካራቆሬ የሚወስደው ወደ ግራ ነው። ባጃጁ ትንሽ ሄዶ ወደ ቀኝ፣ በአፋር በኩል ወደሚወርደው መንገድ ታጠፈ። አየሁት። ሌላ ተሳፋሪ ሊያደርስ ይሆናል አልኩ። ምንም የለም አልኩ። ቆሜ አቧራው እስኪጠፋ አየሁና ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ።

በዚያ መንገድ ስንት ልጅ እንደሚወርድ የማላውቅ ሰው አይደለሁም። አልጮህኩም። አልተከተልኩም። አንቺ ወጣ ብላለች ስትዪኝ ደግሞ፣ እውነት ይሆናል ብዬ እስከዛሬ ዝም አልኩ።

ሐሚድ


ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ስትወጣ አላወቅሁም ነበር። ጠዋት ስነሳ ምንጣፏ ተጠቅልሏል፤ በሦስተኛው ቀን ነው ጓደኛዋ ሐና የነገረችኝ። ለአንቱ ሥራ አግኝታለች ብዬ የጻፍኩት አፍሬ ነው። ልጅ መያዝ ያቃታት እንዳይሉኝ። እርስዎም ያውቁ ኖሯል። ሁለታችንም እያወቅን በየደብዳቤው ደኅና ናት ስንባባል ከረምን።

በሐምሌ አንድ የማላውቀው ሰው ከጅቡቲ ደውሎ ነበር። ኦቦክ ከሚባል የባሕር ዳር ነው። "ልጅሽ ጀልባ ላይ ወጥታለች" ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። እንዲህ ሆነች የሚለኝ እንኳ ጠፋ። በየቀኑ ስልኩን ላስሞላ እሰለፋለሁ፤ ሴቶቹ አሁን ሲያዩኝ ወረፋቸውን ይለቁልኛል። ሲያኮርፉኝ ይሻለኝ ነበር።

የምጽፍልዎ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። እማ ሙሀባ ደረቷን ታማለች፤ ሐኪሙ ለብርድ አታጋልጧት ይላል፣ ብርዱ ግን እዚሁ ከእኛ ጋር ነው የሚያድረው። እሷ አንድ ነገር ብቻ ትለምናለች። እዚህ እንዳትቀበር። "ሞቃት አፈር ውስጥ አስገቡኝ፣ ቆላ አውርዱኝ" ትላለች። ካራቆሬ የሚቀብራት ሰው አልቀረንም።

ለቤት የሚሆን ቦታ እዚያ እንደሌለን ገብቶናል። ለአንዲት አሮጊት መቃብር የሚሆን ግን አይጠፋም። ውሃ የማይደርስበትን አንቱ ያውቁታል።

ፈትያ


መልካ ሠፈር፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፈትያ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ባነበብኩ በሦስተኛው ቀን የቦይ ጠረጋ ነበር፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ መንደሩ በሙሉ አካፋውን ይዞ ወጥቷል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት የወረቀቱን ሁለተኛ ገጽ ቅጂ ከኪሴ አውጥቼ አነበብኩላቸው። ሰው አንገቱን ደፋ። "ይህን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ስርቆት ያመጣሉ ያልናቸው አንዷ እህቴ ናት። አንዷ አማቷ ናት። አንዷ ልጇ ናት፤ እሷ አሁን የት እንዳለች አይታወቅም" አልኳቸው።

ተክሌ ከወዲያ ማዶ ቆሞ፣ "እህትዎ እዚያ ውስጥ መሆኗን መቼ ነገሩን?" አለ። ጮኸ ማለት ይሻላል። "ብናውቅ እንጽፈው ነበር እንዴ?"

"እህቴ ባትሆንስ?" አልኩት።

አካፋውን አንስቶ ወደ ቦዩ ወረደ። ያለው ግን እውነት ነው። አልነገርኳቸውም ነበር፤ ቢያውቁ እንደማይፈርሙ አውቄ ነው።

ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ ስሜን ከሁለተኛው ገጽ አውጡልኝ አልኳቸው። ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ፋይሉ ወደ መዝገብ ቤት ወርዷል አሉኝ። ስሜ እዚያው ይኖራል።

የጠየቅሽኝን መቃብር አላዘጋጀሁም። ከመንገዱ በላይ ያለችውን የማሽላ ማሳዬን አጨድኳትና ሁለት ክፍል አቆምኩባት። ግድግዳው ተመርጓል፤ ጭቃው ገና እርጥብ ስለሆነ በሩን ከፍቼ አስደርቀዋለሁ። ቆርቆሮው ትናንት ተመታ። ግማሹን እንጨት ተክሌ ነው በአህያ ያመጣው። ደጄ ላይ አራግፎ ሄደ። በማግስቱ ሌላ ጭኖ መጣ።

መቶ ሰማንያ አይደለም። አንድ ነው። ሌሎቹን አስባቸዋለሁ፤ ስድስት ልጅ ያላትን ሴት አስባታለሁ።

እማ ሙሀባ ሙቀቱን በሕይወት ትየው። ካሚል ሽንኩርቱን አራግፎ በሚቀጥለው ሐሙስ ባዶውን ይመለሳል። ፍራሽ አንጥፎ ይጠብቃችኋል።

ሐሚድ


ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ካሚል ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀኝ ነው፣ አሳጥሬ ልጻፍ።

በሚቀጥለው ሐሙስ እንመጣለን። እማ ሙሀባ ልብሷን ከአሁኑ ቋጥራለች። ሦስት ማንኪያ አጥሚት ጠጣች፤ ለመንገድ ጉልበት እንዲሆናት ነው አለች።

የምመጣው ለእሷ ብዬ ነው። ይህን ሳልነግርዎ ቤትዎ መግባት አልፈልግም። ለእናታችን የሆነውን ይቅር ማለት አልከበደኝም፤ ልጅ ነበሩ፣ አይተው የመሰለዎትን ተናገሩ። ለሩዋይዳ ግን አልቻልኩም። ነገ እችል እንደሆነ አላውቅም። አብረን እየበላን፣ አንድ ደጅ እየጠረግን ሳልችል ልቀር እችላለሁ። ይህን ችለው የሚያስገቡኝ ከሆነ እመጣለሁ።

አስፋልቱ ላይ ይጠብቁን። እማ ሙሀባን ካሚል ወደ ቤት ያድርሳት። እኔን ግን መጀመሪያ ባጃጁ ሲታጠፍ ወዳዩበት ቦታ ይውሰዱኝ። የቆሙበት ላይ ያቁሙኝና እርስዎ ትንሽ ራቅ ይበሉ። ቤቱን ከዚያ በኋላ አየዋለሁ።

ፈትያ